ከጥዱ ሥር የተገኘው የአንገት ማሰሪያ

ውድ ሰለሞን፣ የቤቴ ሰው፣

ከተለየኸን ዓመት ከአራት ወር ሆነ። የካሮልተኑን አፓርትማ ለቅቀን ቤድፎርድ ከተማ፣ እህቴ አጠገብ ገብተናል። ልጃችን ሩት ሰባት ዓመት ሞላት፤ የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል። ለጥናትህ ብለህ ፍሪዘር ውስጥ ያስቀመጥከውን የድብ አይነምድር ባልደረባህ መጥቶ ወሰደው። ከስጋው አጠገብ አታድርገው እያልኩ ስንት ጊዜ ጨቅጭቄህ፣ ቦታው ባዶ ሲሆን ግን በሩን ከፍቼ ቆሜ አለቀስኩ።

ጓደኞችህ ታክሲ ሲነዱ አንተ ከሥራ መልስ ባዮሎጂ ተምረህ ድብ አጥኚ ስትሆን ሳቁብህ። እኔ ኮርቼብህ ነበር። አልነገርኩህም እንጂ።

ያን ቅዳሜ ከምትሠራበት ከምዕራብ ቴክሳስ ተራሮች የዘጠኝ ሰዓት መንገድ ነድተህ መጥተህ፣ መኪናውን ፓርክ አድርገህ አልወርድ አልክ። ስወጣ መሪውን እንደያዝክ ነበርክ። ሦስት ዓመት የተከታተልካት እናት ድብ ከሴት ደቦሏ ጋር ከአንድ ከብት አርቢ ግቢ መኖ መብላት ለምዳ ነበር። ሁለቴ አርቀህ ብትወስዳትም ተመለሰች፤ በመጨረሻ እንድትገደል ታዘዘ። ሌላ ሰው ስቶ እንዳያሰቃያት ብለህ ራስህ ተኮስክ።

"ስተኩስ ደቦሏ ዛፍ ላይ ሆና ታየኝ ነበር" አልከኝ።

እኔም ከሥራ ሺፍት ደክሜ ገብቼ ነበርና፣ "አውሬ ናት እኮ! ለእኛ እንዲህ አዝነህ ታውቃለህ?" አልኩህ።

ከመኪናው ወርደህ ገባህ። ሰኞ ጠዋት ተመልሰህ ሄድክ፤ ከዚያ ወዲያ አላየሁህም።

የቀረውን አለቃህ ነው የነገረኝ። ደቦሏ አንገት ላይ በማሰሪያ ያሰርክላት መከታተያ ሬዲዮ ድምፁ ፈጠነ። እንዲህ የሚሆነው እንስሳው ለሰዓታት ሳይንቀሳቀስ ሲቀር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሞቷል ማለት ነው። ልትፈልጋት በትንሽ አውሮፕላን ለመሄድ ተነሳህ፤ ነፋስ ነበር። አብራሪው እንቆይ ቢልህ፣ "ቆስላ ከሆነ እስከ ነገ አትቆይም" ብለህ ለመንከው። ትንሿ አውሮፕላን ከገደሉ ጋር ተጋጨች፤ ሁለታችሁም አልተረፋችሁም።

ከቀብርህ በኋላ ባልደረቦችህ ድምፁን ተከትለው ተራራውን ወጡ። ከአንድ ጥድ ሥር ያገኙት ባዶውን ማሰሪያ ነው። ስታድግ እንዳያንቃት ብለህ በእጅህ የሰፋህበት የጥጥ ጨርቅ በስብሶ ተበጥሶ፣ ማሰሪያው ወልቆላት ሄዳለች። ደቦሏ በሕይወት አለች፤ አዲስ ዱካዋን አይተዋል።

እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ አላለኝም። ጠላኋት። የአብራሪው ሚስትም አንድ ቀን ደውላ፣ ማን እንደሆነች ብቻ ነግራኝ ስታለቅስ ቆይታ ስልኩን ዘጋችው። እሷ ደግሞ የምትጠላው አንተን ይሆናል። አልፈርድባትም።

ባለፈው ሳምንት ሩት ከትምህርት ቤት መጥታ፣ "ማሚ፣ ዳዲን ድብ ነው የገደለው?" አለችኝ። አስቀመጥኳትና ሁሉንም ነገርኳት፤ ስለ እናቲቱ ድብ፣ ስለ ተኩሱ፣ ስለ ነፋሱ። መኪናው አጠገብ ያልኩህን ብቻ መናገር አቃተኝ።

እስካሁን ሰው ሲጠይቀኝ "በአደጋ ነው" ብዬ አልፍ ነበር። ከእንግዲህ ታሪክህን አላሳጥርም። ሩት ከፍ ስትል ያን ክፉ ቃሌንም ትሰማለች። ሥራህን ብቻ ሳይሆን፣ ያን ቀን ብቻህን የተሸከምከውን ሐዘንም አልረሳም።

ባለቤትህ አልማዝ