ሕመምተኞቹ ከአልጋዬ ጎን ይተኙ

እኔ ሸዋዬ አለበል፣ የክርስትና ስሜ ወለተ ሩፋኤል፣ እግሬ ቢከዳኝም ልቡናዬ ያልከዳኝ፣ ዛሬ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በባሕር ዳር ከተማ፣ ከሐይቁ ዳር ባለው ቤቴ፣ ከታች በፈረሙት አራት ምስክሮች ፊት፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ ይህን የመጨረሻ ቃሌን ሰጥቻለሁ። ከዚህ በፊት የተናዘዝሁት ቢኖር ተሽሯል።

ልጄ ኪሩቤል በሰባታሚት ያለውን የእርሻ ይዞታ ይውሰድ። አባቱ ያቀናው ነው፤ እሱም እንደ አባቱ ከመሬት ጋር እንጂ ከሰው ጋር አይግባባም። ልጄ ጽጌ ወርቄን ሁሉ ትውሰድ። በቁሜ ሳለሁ ስትለካው አይቻታለሁና አዲስ አይሆንባትም።

የቤቱ ነገር ግን ረዘም ይላል።

ታናሽ እኅቴ ባንቺአየሁ መምህርት ነበረች። ደመወዟንም፣ የጠየቃትን ደኅና ባልም ትታ፣ በጸበሉ ቦታ የተኙትን አስታማሚ የሌላቸውን ሕመምተኞች ስታጥብና ስታጎርስ ይኸው ፀጉሯ ነጣ። ሰው ሁሉ ጻድቅ ይላታል። እኔ ግን እቀናለሁ። ምስክሮች ሆይ፣ ቃሉን አታለዝቡት፤ እቀናለሁ ተብሎ ይጻፍ። የምቀናው በጽድቋ አይደለም፤ በሕመምተኞቹ ነው። እናታችን ስትሞት አዝዬ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ለእኔ ግን በዓመት በዓል ብቅ ትልና ወንበሩ ሳይሞቅ ትነሣለች። «አንቺማ ደኅና ነሽ» ትለኛለች። ደኅና መሆን እንዲህ እንደሚጎዳ ማን ነገረኝ? ለፋሲካ አሸምኜ የሰጠኋትን ጋቢ ከአንበሳሜ የመጣ ሽባ ሰውዬ ለብሶት አየሁ። ሰውዬው መረቀኝ፤ እኔ አሜን አላልሁም።

አሁን እኔም ታመምሁ፤ ፈጣሪ ይቅር ይበለኝና ደስ አለኝ። ባንቺአየሁ መጣች፣ እግሬን አጠበች፣ በእጇ አጎረሰችኝ። ይህ ቃል መጻፍ ሲጀመርም ከራስጌዬ ተቀምጣ ነበር። የጽጌን ድርሻ ጽፈን ሳንጨርስ ግን ስልክ ተደወለላት፤ ከቆላ ድባ የመጣች አንዲት አሮጊት ከሌላ ሰው እጅ አልበላም ብላለች። «እታለም፣ መጣሁ» ብላኝ ማንኪያውን አስቀምጣ ሄደች።

የነፍስ አባቴ ቄስ መርስዔ ኀዘን፣ «ልጄ፣ ጌታስ የመጣው ለታመሙት አይደለም?» አሉኝ።

«አባቴ፣ እኔስ አልታመምሁም?» አልኋቸው። ፈገግ ብለው መስቀላቸውን አሳለሙኝ።

ስለዚህ ቤቱ ከነሙሉ ዕቃው አስታማሚ ላጡ ሕመምተኞች ማረፊያ ይሁን፤ አስተዳዳሪዋም ባንቺአየሁ ትሁን። ልጆቼ ይህን ቢቃወሙ አልረግማቸውም፤ ብቻ የአክስታቸውን ዓይን እያዩ ይከራከሩ።

ሕግ የሚያውቀው ጸሐፊያችን ምሥጋና «ከሞቱ በኋላ» ብሎ ጽፎ ነበር፤ ሰርዝ አልሁት። ከነገ ጀምሮ ይፈጸም። «እንዲህ ከሆነማ ስጦታ ነው እንጂ ኑዛዜ አይባልም» አለኝ። ስሙን አንተ አውጣለት፤ ብቻ ሶፋው ከሳሎን ይውጣ፣ አሮጊቷንም በባጃጅ አምጥታችሁ ከአልጋዬ ጎን አስተኟት።

ጽጌ ደንግጣ፣ «እማዬ፣ ሽታውን እንዴት ትችይዋለሽ?» አለችኝ።

እችለዋለሁ። ሕመምተኞቹ እዚህ ካሉ ባንቺአየሁ ወዴት ትሄዳለች?

ይህ ቃል በምስክሮቹ ፊት ተነብቦልኝ፣ የራሴ መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜአለሁ።

ተናዛዥ፦ ሸዋዬ አለበል (ፊርማ)

ምስክሮች፦
ቄስ መርስዔ ኀዘን ወልደ ጻድቅ (ፊርማ)
አቶ ዳኘው ምናሴ (ፊርማ)
ወ/ሮ ፍሬ ስብሐት ሀዲስ (ፊርማ)
ጸሐፊና ምስክር ምሥጋና ዳኘው (ፊርማ)