ኮንጋ ሰው አለ

ለተከበሩ የገጽታ ግንባታና የእንግዳ አቀባበል ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ጤናዎ እንደምን እንደ ሰነበተ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። ሦስት ጊዜ ቢሮዎ መጥቼ ሦስቱንም ጊዜ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስለ ተባልኩ፣ በጎብኚዎች መምሪያዎ ገጽ አራት ያስጠነቀቁን የባሕር ማዕበል ወስዶዎት እንዳይሆን ሰግቻለሁ። እኔ ሽብሩ በራሶ እባላለሁ። ተወልጄ ያደግሁት ይርጋጨፌ አጠገብ ኮንጋ ነው፤ የምኖረው ዲላ ሲሆን፣ እንግዶችን ወደ ቡና ማሳዎቻችንና ወደ ትክል ድንጋዮቻችን እየመራሁ መተዳደር ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል።

ይህን ደብዳቤ በግልጽ የምጽፍልዎ፣ ስለ ጌዴኦ ላሳተሙት ባለ አሥራ ሁለት ገጽ የጎብኚዎች መምሪያ ምስጋናዬን ሕዝብ እየሰማ ለማቅረብ ነው። ወረቀቱ ያብረቀርቃል። የእርስዎ ፎቶግራፍ ገጽ ሁለትን ሙሉውን ይዟል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በሩቅ ውቅያኖስ መካከል ስለምትገኝ አንዲት ሞቃታማ የደሴት አገር የተጻፈ ሲሆን፣ የእርስዎ ድካም «ደሴቲቱ» የሚለውን እያነሡ «ዞናችን» በሚለው መተካት ነበር። ገጽ ዘጠኝ ላይ ግን የአገሪቱ ስም ሳይሰረዝ ቀርቷል። እኔ አልጠራውም፤ ሰዎቹ ምን አደረጉን? የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ እርስዎ የሰው ባሕር ያደምቃል ብለው ተነሡ።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን በቁጥር ላቅርብ፤ ቁጥር ያለበት ወረቀት ቢሮ ውስጥ ይነበባል ሲሉ ሰምቻለሁ።

፩. በመምሪያዎ መሠረት ዞናችን ዙሪያውን በነጭ አሸዋ የተከበበ ነው። እኔ እስከማውቀው የከበቡን የሲዳማና የኦሮሞ ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ አሸዋ ነን ብለውም አያውቁም። ገበያ ውስጥ ልብስ የሚሸጠው ኸድሩ ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት ሁሉ የሚያምን የዋህ ሰው ስለ ሆነ፣ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ የመዋኛ ቁምጣ ከአዲስ አበባ አስጭኖ አመጣ። አሁን ለቡና አጣቢዎች የሥራ ልብስ ነው እያለ ይሸጥላቸዋል። ከመምሪያዎ ለሰው የተረፈ ጥቅም እስካሁን ይኸው ነው።

፪. ከዲላ ይርጋጨፌ በጀልባ አርባ ደቂቃ ይወስዳል ብለዋል። መንገዱን በክረምት ያየ ሰው በጀልባ መሄድ አይቻልም ብሎ አይከራከርዎትም። ስለዚህ ይህን ቅሬታ ትቼዋለሁ።

፫. ሳቁ እዚህ ላይ ያበቃል። ገጽ ስድስት እንዲህ ይላል፦ «የዞናችን መካከለኛ ክፍል ሰው የማይኖርበት ደን ስለ ሆነ፣ ጎብኚዎች በፈለጉት ስፍራ ድንኳን መትከልና ማገዶ መጠቀም ይችላሉ።» ክቡርነትዎ፣ እዚህ አገር አንዱ ሲያስነጥስ ጎረቤቱ «ይማርህ» የሚለው ከቤቱ ሳይወጣ ነው። በእንሰቱ መካከል ቤት አለ፤ ከቡናው ጀርባ ቤት አለ። ከመኪናዎ መስኮት ደን የመሰለዎት የሰው ጓሮ ነው።

ባለፈው ጥቅምት ሳምራ የምትባል አስተማሪና ባለቤቷ መምሪያዎን ይዘው ከአዳማ መጡ። ኮንጋ አድርሻቸው፣ ማደሪያ ልጠይቅላቸው ወደ ዘመዶቼ ቤት ሄድኩ። ስመለስ ድንኳናቸውን ሶንጎው ውስጥ ተክለው አገኘኋቸው። ሶንጎ ሽማግሌዎቻችን ተሰብስበው የሚዳኙበት፣ ቅጠል እንኳ ያለ ፈቃድ የማይቀጠፍበት ስፍራ ነው። እነሱ ከትልቁ ዛፍ ሁለት ቅርንጫፍ ቆርጠው እሳት ሊያያይዙ ነበር። ስጮህባቸው ሳምራ ደንግጣ ገጽ ስድስትን ገልጣ አሳየችኝ፤ ሰው የለም ተብሎ ተጽፎ የለም ወይ አለችኝ። ወዲያው ጩኸቴን የሰሙ ሰዎች ከየእንሰቱ ሥር ብቅ ብቅ ማለት ጀመሩ፤ ሳምራ ስታያቸው አለቀሰች። እኔ አልፈረድኩባትም።

ሽማግሌዎቹም አልፈረዱባትም፤ እንግዳ አያውቅም ብለው በማግስቱ ሸኟቸው። ተጠያቂ ሆኜ የቀረሁት ያመጣኋቸው እኔ ነኝ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ አባቴ ነው፤ ሠላሳ ዓመት በዚያ ዛፍ ሥር ተቀምጦ የሰው ነገር ዳኝቷል። የእኔ የልጁ ነገር ሲነሣ ማንም ሳያስነሣው ከቦታው ተነሥቶ ዳር ላይ ቆመ። መምሪያዎን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩላቸው። ሲያልቅ ትልቁ ሽማግሌ «ጥፋቱ የወረቀቱ ነው፤ ወረቀት ግን አይዳኝም። የጻፈው ይምጣና እዚህ ሰው አለ ይበል። እስኪመጣ ነገሩ አይዘጋም» አሉ። የልጁ ነገር ሳይዘጋ ደግሞ አባት ለዳኝነት አይቀመጥም። ከዚያ ቀን ወዲህ ሶንጎው አምስት ጊዜ ተሰብስቧል፤ አባቴም አምስቱንም ጊዜ ዱላውን ተደግፎ ቆሞ ውሏል። ጉልበቱ ታማሚ ነው። እኔም ቆሞ ባየሁት ቁጥር መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጣለሁ።

፬. ይህንኑ ላስረዳዎ በመጣሁ በሦስተኛው ጊዜ፣ ጸሐፊዎ ወይዘሮ ሙሉወርቅ መልእክቴን ወደ ውስጥ ይዘው ገብተው መልስ ይዘውልኝ ወጡ። በሩ ሲከፈት እንዳየሁት፣ ስብሰባው ላይ ከእርስዎ በቀር ሰው አልነበረም፤ ሰው የሌለበትን ቦታ በመምረጥ በኩል ተሰጥኦ አለዎት። መልስዎም «በቀጣዩ እትም ጥቂት ሰዎች ይኖሩበታል ተብሎ ይስተካከላል» የሚል ነበር። ወይዘሮ ሙሉወርቅ ይህን ሲነግሩኝ ቀና ብለው ማየት አቅቷቸው ነበር፤ እሳቸው የዚሁ የዞናችን የፍስሐ ገነት ሰው ናቸውና ከጥቂቶቹ መሆን አለመሆናቸውን ገና አልተነገራቸውም።

አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ብዬ ልተወው አስቤ ነበር። ነገር ግን የትምህርት ማስረጃዎ በረጅሙ ግድግዳ ላይ ተደርድሮ ስላየሁ፣ አላዋቂ ብዬ ልሰድብዎ አልደፍርም። እንግዲያው የቀረው ንቀት ብቻ ነው። ስለ እኛ ለመጻፍ እኛን ማየት አላስፈለገዎትም፤ ሕዝብ ያህል ነገር ከወረቀት ላይ ሲጠፋ ብዕርዎ አላመነታም። ለዚህ ድፍረትዎ ከልብ አመሰግንዎታለሁ፤ እኔ ግማሹ እንኳ ቢኖረኝ ይህን ደብዳቤ ባለፈው ጥቅምት እጽፈው ነበር።

የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ ኮንጋ ይምጡ። ጀልባ አያስፈልግዎትም፤ ከይርጋጨፌ ሞተር ሳይክል ያደርስዎታል። ባነር አይሰቀልም፣ ውሎ አበል የለም፣ ፎቶግራፍ የሚያነሣዎትም አይኖርም። የሚጠበቅብዎ ሁለት ቃል ነው፤ «ሰው አለ»።

በሕዝብ መካከል ኖሬ በመምሪያዎ የጠፋሁ፣ ማዕበሉ ሳይወስድዎ እንዲደርሱልኝ የምማጸን፣
የክቡርነትዎ ታዛዥ
ሽብሩ በራሶ
ከወደብ ከተማችን ዲላ

ግልባጭ፦
ለደሴቲቱ ነዋሪዎች፣ ለይቅርታ

ማስታወሻ፦ ሽማግሌዎቹ ከእኔ ይልቅ ጨዋዎች ስለ ሆኑ፣ ከአባቴ ባዶ ቦታ ጎን ለእርስዎ በርጩማ አስቀምጠዋል። ሲደርሱ ግን እባክዎ እንዳይቸኩሉ፤ የሚናገሩትን እስኪናገሩ ቆመው ይቆዩ። መጀመሪያ የሚቀመጠው አባቴ ነው።