የካርዱን ደቂቃ ማን በላው?

ይድረስ ለምወድሽና ለምሳሳልሽ እናቴ ለወይዘሮ ውብአየሁ፣

እንደምን ከርመሻል? እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሰሽ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? አሁንም ከቤተ ክርስቲያን ስትመለሺ መንገድ ላይ ቁጭ እያልሽ ነው የምትገቢው? የዓይንሽ ጠብታስ አላለቀም? አልቆ ከሆነ አለ እንዳትዪኝ፤ ለእኔ ስትይ የምትደብቂውን ነገር አሁን አሁን እየነቃሁብሽ ነው። ጣሪያው ክረምት ሳይገባ ተጠገነ ወይስ ብዙነህ ዛሬ ነገ እያለ ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። አማችሽ ዘካሪያስም የልጅ ልጅሽ ቤርሳቤህም ደህና ናቸው፤ እኔም ከሐሳብ በቀር ምንም አልሆንኩ።

ብዙነህ፣ ይህን የምታነብላት አንተ እንደሆንክ አውቃለሁ። ወንድም ጋሼ፣ አደራህን አንዲት ቃል አትዝለል። አንተን የሚነካ ቦታ ላይ ስትደርስ ጉሮሮህን እየጠረግህ እንደምታልፍ አልረሳሁም። ደብዳቤውን በሚመጣ ሰው እጅ ያልላኩት፣ እዚህ ሰው ሻንጣ ውስጥ የገባ ወረቀት ቡታጅራ ሳይደርስ ግማሽ ሲያትል ስለሚያነበው ነው። በስልክ ያልነገርኳችሁ ደግሞ ቤታችን ውስጥ ስልክ የሚያዳምጥ ጆሮ ስላለ ነው። የማን ጆሮ እንደሆነ ወደ ታች ትደርሱበታላችሁ።

እማዬ፣ መጀመሪያ ስለ ሕልምሽ ልጠይቅሽ። ባለፈው የካቲት ስደውልልሽ ገና ሰላምታውን ሳንጨርስ «የልጅቷ እጅ እንዴት ሆነ? እርሳስ መስበሯን ተወች?» አልሽኝ። ክው ነው ያልኩት። ሦስተኛ ክፍል ገብታለች፣ ጎበዝ ሆናለች እያልኩ ስነግርሽ የከረምኩት እኔ ነኝ። ከትምህርት ቤት አውጥቼ ቤት እንደማስተምራት ለአገር ቤት ሰው ትንፍሽ አላልኩም። ማን ነገረሽ ብልሽ «በሕልሜ አየሁ» አልሽኝ። እማዬ፣ ሕልምሽን አውቀዋለሁ፤ የሚመጣብሽ ወይ የሞተ ሰው ነው ወይ የጠፋ በሬ። የልጅ እርሳስ ሲሰበር የሚያሳይ ሕልም በዘመኔ ሰምቼ አላውቅም። ስልኩን ዘግቼ፣ ይህን ወሬ ያቀበለውን ሳላውቅ እንቅልፍ የለኝም አልኩ።

አንዴ ከታወቀ እውነቱን ከእኔው ስሚው። አምና ግንቦት ላይ የትምህርት ቤቱ ሰዎች አስጠሩኝ። ሦስት ሆነው ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ፈገግ ይላሉ። እኔ ደግሞ ፈረንጅ ሲለሰልስ ነው የምፈራው። ቤርሳቤህ እጇ ፊደል አልጥልላት ብሎ ከእኩዮቿ ወደ ኋላ ቀርታለች፣ ቀላሉ መደመርና መቀነስም አእምሮዋ ውስጥ አይቀመጥም፣ ስለዚህ እንመርምራትና በቀን የተወሰነ ሰዓት ለብቻ ክፍል ትማር አሉኝ፤ የሚፈረም ወረቀትም ገፋ አደረጉልኝ። ያየችውን ፊልም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስትተርክ ሰው ሥራ የምታስፈታ ልጅ ናት እኮ! ስማችን ከብዷቸው ነው፣ መልካችን ነው፣ የእኛን ልጆች አንድ ክፍል ሊያጉሩ ነው ብዬ አሰብኩ። ዛሬ የፈረምኩት ነገ ዩኒቨርሲቲ ድረስ ይከተላታል ብዬ እስክሪብቷቸውን መልሼ ገፋሁላቸው፤ ወረቀቱን ቦርሳዬ ከትቼ ሳልፈርም ወጣሁ።

በዚህ ስቴት ወላጅ ልጁን ቤት ማስተማር ይችላል። አጭር ኮርስ ወሰድኩ፣ ለሚመለከተው አሳወቅኩ። በዓመት አንድ ጊዜ የመምህርነት ፈቃድ ያላት ሰው መጥታ ልጅቷ መሻሻሏን ታያለች፤ የእኛዋ ሰኔ ላይ ነው የምትመጣው። ዘካሪያስ ነገሩን ሲሰማ «ለአንቺስ እንግሊዝኛውን ማን አስተማረሽ?» ብሎ ሳቀብኝ፤ ቀጥሎ ግን ሳይስቅ አንድ ቃል አስገባኝ። ሰኔ ላይ ሴትዮዋ አልተሻሻለችም ካለች ቤርሳቤህ ወደ ትምህርት ቤት ትመለሳለች፣ ወረቀቱንም እሱ ራሱ ይፈርማል። እሺ አልኩ። እንግዲህ ከመስከረም ጀምሮ አንገቴ ላይ ያለው ገመድ ይህ ነው።

የማስተማሩን ነገር አታንሺው። ጠዋት ቁርስ ከተነሳ በኋላ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ እንቀመጣለን። እርሳሱን እንዳያመልጣት ይመስል አንቃ ትይዘዋለች፤ ወይ ጫፉ ይሰበራል ወይ ወረቀቱ ይቀደዳል። ፊደሉ መስመሩን ትቶ ወደ ላይ ይወጣል፣ ዲ ያልኳት ቢ ሆና ትመጣለች። ትሪ ላይ ጨው አፍስሼ በጣቷ አጻፍኳት። ከቤተ መጻሕፍት ያመጣሁት መጽሐፍ እርሳሱን አሳጥሩት ቢለኝ ለሁለት ሰብሬ ሰጠኋት፤ እውነትም ትንሽ ሻል አላት። የቁጥሩ ግን ባሰ። ስድስትና ሰባት ስንት ነው ስላት እጇን ጠረጴዛ ሥር ትከታለች፤ ጣቷን እንደምትቆጥር ክንዷ ይነግረኛል። ትናንት የመለሰችውን ዛሬ አታውቀውም። ልትጫወትብኝ ነው ብዬ ጠረጠርኳት። አውቶቡስ ውስጥ ሳታስበው እጠይቃታለሁ፣ ጸጉሯን ስሠራት እጠይቃታለሁ። አንድ ቀን ተከታትላ በትክክል ስትመልስልኝ ደስ በመሰኘት ፈንታ ከየት አይታ ነው ብዬ ዞር ብዬ ግድግዳውን አየሁ።

የማስተምራት ደግሞ በእንግሊዝኛ ነበር። አማርኛው ያምታታታል ብዬ ቁጥር በአማርኛ አልጠራላትም። ስድስትና ሰባት «ሰርቲን» ስላት «እማ፣ ሰርቲ ኦር ሰርቲን?» ትለኛለች። ሠላሳውም አሥራ ሦስቱም ከአፌ አንድ ሆነው ነው የሚወጡት። እሷ ግራ ይገባታል፣ እኔ እናደዳለሁ፣ ጨዋታው በለቅሶ ያልቃል።

ወደ ወሬ አቀባዩ ልመለስ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ጎረቤቴን ዘይቱናን ነው። የቡታጅራ ልጅ ናት፣ እህቷ ከእናንተ በታች መናኸሪያው ጋ ነው የምትኖረው፤ ቤርሳቤህን ደግሞ በትምህርት ሰዓት ደረጃው ላይ ተቀምጣ አይታታለች። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ብስኩት ጋግራ የላከችልኝን ሳህን አጥቤ ባዶውን መለስኩላት። ባዶ ሳህን እንደተሰጣት ስታይ ፊቷ ቅጭም አለ፤ እኔም ይህን ጊዜ እሷ ናት ብዬ ደመደምኩ።

በዚያው ሰሞን የስልክ ካርዴ ደቂቃ መጥፋት ጀመረ። ካርዱን የምገዛው ከሳዲቅ ሱቅ ነው። ጥቂት አውርተን ስልኩን እዘጋለሁ፤ በማግስቱ ስደውል መስመሩ ላይ ድምፅዋ የተቀዳው ሴትዮ የቀረሽ ይህችው ናት ትለኛለች። ሄጄ ሳዲቅን ሰው ፊት ተቆጣሁት። «እህቴ፣ ወላሂ እኔ እሸጠዋለሁ እንጂ አልደውልበትም። ሶ ካምፓኒውን ኮል አድርጊ» አለኝ። መማሉን ሳይ ይበልጥ ጠረጠርኩት። ከዚያ ወደ ዘካሪያስ ዞርኩ። እኔ ማታ ሥራ ነኝ፣ እሱ ቤት ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ የሚደውልላት ብትኖርስ? «ለማን ነው የምትደውለው?» ስለው «የምታዳምጠኝ ሴት ባገኝ አንቺው ነበርሽ» ብሎ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረ። ይህ መልስ ነው? ካርዱን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ሥራ ይዤው መሄድ ጀመርኩ። ደቂቃው ግን ያው ያልቃል። ካርዱ እኔ ትከሻ ላይ ተንጠልጥሎ ማን ይደውልበታል?

ሆሳዕና ሊገባ ሲል አንድ ቀን የምንከባከባቸውን አሮጊት ልጃቸው መጥታ ወሰደቻቸውና ከሰዓቴ በፊት ተለቀቅኩ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ቤት ገባሁ። ዘካሪያስ ሶፋው ላይ ተኝቷል። ከመታጠቢያ ቤት ድምፅ ይሰማኛል። በሩ ገርበብ ብሏል። ቤርሳቤህ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ጆሮዋ ላይ የያዘችው መስመር ተቋረጠባት መሰለኝ «ኦ ኖ» አለች። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና እንደገና መደወል ጀመረች። ካርድ የለ፣ ወረቀት የለ። ድስት እያማሰልኩ ስደውል ቁጥሩን ጮክ ብዬ በዜማ የመጥራት ልማድ አለኝ፤ ያንኑ ዜማ በእኔው ድምፅ፣ በአማርኛ፣ «አንድ፣ ስምንት፣ ዜሮ ዜሮ» እያለች ጣቷ ይከተላል። ከካርዱ ጀርባ ተፍቆ የወጣውን ያን ረጅም የሚስጥር ቁጥር ጨረሰች። የእናንተን አገር ኮድ ጨመረች። እኔ ራሴ እስከ ዛሬ ግድግዳ ላይ እያየሁ የምደውለውን፣ ዘንድሮ የረዘመውን ያንቺን ቁጥር ደገመችው። አንዲት አልሳተችም። ቆይታ «ሃሎ፣ አያቴ፣ ተቆረጠ» አለች።

እናንተ ጋ ንጋት ነው። ለካ ስልኩ ሥር ተቀምጠሽ የምትጠብቂያት አንቺ ነሽ! ሕልም አየሁ ያልሽኝ እናቴ! አንተም ብዙነህ፣ ከጎኗ ክፍል ተኝተህ አልሰማሁም እንዳትለኝ። ከዘይቱና ጋር አጣላችሁኝ፣ ባሌን አስጠረጠራችሁኝ፣ ሳዲቅን ሰው ፊት አዋረድኩላችሁ። ተናደድኩ፣ እናቴን ሌላ ሰው የቀማኝ መስሎኝም ቀናሁ። ለእኔ በእንግሊዝኛ አንዲት ቃል የምትወረውር ልጅ ለአንቺ በተሰባበረ አማርኛ የቀን ውሎዋን ስትዘረዝር በጆሮዬ ሰማሁ። አልገባሁባትም። ተመልሼ ወጥቼ የውጭውን በር በኃይል ዘጋሁት። ሽንት ቤቱን ለቀቀችና «ሃይ እማ» ብላ ምንም እንዳልተፈጠረ ወጣች።

በማግስቱ ቁጥር የማስተምርበትን የእንግሊዝኛ ካርድ ሁሉ ሰብስቤ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ምስር እያማሰልኩ፣ እሷን ሳላይ፣ የስልክ ቁጥር እንደምጠራ አድርጌ «ስድስት ጊዜ ሰባት አርባ ሁለት» ማለት ጀመርኩ። ሥዕሏን እየቀባች ተቀበለችኝ። የስድስትን ማባዣ በቀናት ውስጥ ያዘችው፤ መደመሩም እየገባ ነው። የስምንት ግን ዛሬም ይጠፋባታል፣ ዜማውን እቀይራለሁ እንጂ አልያዘላትም። መልስ ስትጽፍ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ በአማርኛ ዘምራ በእንግሊዝኛ ትጽፋለች። ያቺ ሴትዮ ሰኔ ላይ ይህን አይታ ምን እንደምትል አላውቅም። የእጅ ጽሕፈቷም ያው ነው፤ ዳነች ብዬ አልዋሽሽም። ዘካሪያስ ለምርመራው እንፈርምና ምን እንደሚሉ እንስማ ይለኛል። ምናልባት እኔ ያላየሁትን አይተው ይሆናል፣ ምናልባትም አይደለም። እስካሁን ልቤ አላመናቸውም፤ ግን ወረቀቱን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አድርጌዋለሁ።

ለዘይቱና ሳህን ሙሉ ይዤ ሄድኩ፤ ምክንያቱን ሳትጠይቀኝ ተቀበለችኝ። ሳዲቅን ገና ይቅርታ አላልኩትም፤ ትንሽ ትንሽ ሳይቆርጥ ይቀራል ብላችሁ ነው? ልጅቷ እንዳወቅሁባት አታውቅም፤ አንቺም እንዳትነግሪያት። መደበቅ እንደምትችዪ አይቻለሁ። አዲስ ካርድ በገዛሁ ቁጥር እንድትይዘው ብዬ ቀስ እያልኩ ነው የምደውለው።

ለብዙነህ ቢዋሽም ሰላም በዪልኝ። ለባለቤቱ ለአበዛሽ፣ ወገቧ ተሻላት ወይ? ሁለቱን ልጆች ግንባራቸውን ሳሚልኝ። ለንስሐ አባትሽ በጸሎታቸው እንዲያስቡን ንገሪያቸው። ታች ላለችው ለዘይቱና እህትም ሰላምታዬ ይድረሳት፤ ለምን እንደሆነ ግራ ይገባት ይሆናል፣ ዝም ብለሽ አድርሺ። ዘካሪያስ ጉልበትሽን ይስማል። የቤርሳቤህን ሰላምታ አልጽፍም፣ እሷ ራሷ ታደርሳለች።

እማዬ፣ አንድ ነገር ከላይ መጻፍ አቅቶኝ አልፌዋለሁ። ያን ምሽት በሩ ሥር ቆሜ ሳለ «አያቴ፣ እኔ ደደብ ነኝ?» ብላ ስትጠይቅሽ ሰምቻለሁ። ይህን ቃል ማን አስተማራት ብዬ ትምህርት ቤቱን ጠረጠርኩ። እዚያ አማርኛ የሚችል የለም። ዘካሪያስን ጠረጠርኩ፤ እሱ ልጁን ክፉ ቃል ተናግሯት አያውቅም። ከዚያ ወዲያ የምጠረጥረው ሌላ ሰው አጣሁ። ያንቺ መልስ አልተሰማኝም። ረጅም ጊዜ አዳመጠችሽና ከዚያ ሳቀች፤ እኔ ፊት እንደዚያ ስቃ አታውቅም። ምን አልሻት? ብዙነህ፣ እማዬ የምትልህን ሳታሳምር እንዳለ ጻፍልኝ። እኔም ልላት እፈልጋለሁ።

ልጅሽ ተናኘ
ሬኒየር ቢች፣ ሲያትል
ሚያዝያ 25 ቀን 1998 ዓ.ም.