ከክሌር የደበቅኩት ተረከዝ

ሐሙስ

የተረከዜ ጅማት ተበጥሷል። ዶክተሩ በሆዴ አስተኝቶ ባቴን ጨመቅ አደረገ፤ እግሬ ንቅንቅ አላለም። በቃ፣ ሌላ ምርመራም አላስፈለገው።

ትናንት በሁለተኛው ጨዋታ ላይ ነው። ወደ ኋላ ሄጄ ልመታ ስዘል አንድ ሰው ተረከዜን በዱላ ያለኝ መሰለኝ። ዞር ብዬ አየሁ። ማንም የለም። ክሌር መረቡ ጋ ሆና «ተነሺ! ተነሺ!» ትላለች። የተንሸራተትኩ መስሏታል።

ይህን በአማርኛ የምጽፈው ከቡድናችን ማንም ስለማያነበው ነው። እናቴ ሊዮን ስትወስደኝ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ፊደሉ አልጠፋኝም። ለፈረንሳይ ባድሚንተን መጫወት ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመቴ። ከክሌር ጋር በጥንድ፣ አምስት።

ዓርብ

ቡድኑ ወደ ፈረንሳይ ተመለሰ። እኔ እዚሁ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አክስቴ ቤት ቀረሁ። ክሌር ከመሄዷ በፊት ሻንጣዬን ይዛልኝ መጥታ አቀፈችኝ። «መጥፎ አጋጣሚ ነው፣ ያንቺ ጥፋት አይደለም» አለች።

አጋጣሚ አይደለም። ተረከዜን ካመመኝ ሰባት ወር ሆኖታል። ሊዮን ያለ ሐኪም ሦስት ወር እረፊ ብሎኝ ነበር። ሦስት ወር ካረፍኩ ለኦሎምፒክ የሚያበቃው ነጥብ ያመልጠናል። ስለዚህ የሕመም ማስታገሻ መርፌ እየተወጋሁ ተጫወትኩ፤ ለማንም አልነገርኩም።

በጥንድ ጨዋታ ነጥቡ የሁለታችን ነው። እኔ ከወጣሁ ክሌር ከሌላ ሰው ጋር ከዜሮ ትጀምራለች። ይህን አውቅ ነበር። ለሷ ብዬ ነው እያልኩ ራሴን አታለልኩ።

ዛሬ ያቃቱኝ፦ ደረጃ መውረድ። ገላ መታጠብ። ሻይ ይዞ ከኪችን ሶፋው ድረስ መምጣት። በክራንች ሁለት እጅ ይያዛል፣ ለካ።

ቅዳሜ

ሻዩን በቴርሞስ አድርጌ በአንገቴ አንጠልጥዬ አመጣሁት። ድል ነው።

የአክስቴ ልጅ ሜሮን እዚሁ ነው የተወለደችው። አጠገቤ ቁጭ ብላ ብዙ ካየችኝ በኋላ «ሶ፣ ኢዝ ኢት ኦቨር?» አለችኝ፤ አበቃ ወይ ማለቷ ነው። አክስቴ ከኪችን «አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ያዢ!» ብላ ጮኸችባት። እስካሁን የምሩን የጠየቀኝ ሰው ግን እሷ ብቻ ናት።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ የአክስቴ ሰዎች ሊጠይቁኝ መጡ። አንድ አባት፣

«ልጄ፣ ምን ስትጫወቺ ነው?» አሉኝ።

«ባድሚንተን ነው አባባ። ላባ ያላትን ኳስ በራኬት መምታት ነው።»

«ላባ? ላባ ስትመቺ ነው ጅማትሽ የተበጠሰው?»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እሳቸው «ይቅር በይኝ፣ እግዜር ይማርሽ» አሉ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ባኞ ቤት ገብቼ ውኃውን ከፍቼ አለቀስኩ።

ሰኞ

ከወንዙ ማዶ አሌክሳንድሪያ፣ ቀዶ ሐኪሙ ጋ። አክስቴ ከሥራ ኦፍ ወስዳ ነዳችልኝ። የቀለበት መንገዱ፣ ቤልትዌዩ፣ ተዘጋግቶ ለጥቂት አፖይንትመንቱ ሊያመልጠን ነበር።

ሐኪሙ ቀድሞ ያምሽ ነበር ወይ አለኝ። ሰባት ወር። መርፌስ? ሦስቴ። አክስቴ ቦርሳዋን ታቅፋ ትሰማለች። ኦፕሬሽኑ ሐሙስ ነው፣ በዓመት ውስጥ ትሮጫለሽ አለ። እንደ ድሮው ስለመጫወት ስጠይቀው ፋይሉ ላይ ዕድሜዬን አየና «ሠላሳ አንድ» ብሎ ፋይሉን ዘጋው።

ስንመለስ ድልድዩን እንደተሻገርን አክስቴ ሬዲዮውን ዘጋች። ከዚያ፣

«ያቺ ልጅ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«ሰባት ወር አብራሽ ስትለፋ?»

አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ማክሰኞ

ለክሌር በስካይፕ ደወልኩላት። ሁሉንም ነገርኳት፣ መርፌውንም፣ የሐሙሱን ኦፕሬሽንም። 

«እናቴን በቀበርኩ በሁለተኛው ቀን ልምምድ የመጣሁት ለምን ይመስልሻል?» አለች። «ያንቺ ዓመት እንዳይበላሽ ብዬ ነው።»

ልመልስላት ስል ዘጋችው።

ቀኑን ሙሉ ምግብ አልወረደልኝም። አክስቴም አልለመነችኝም።

ረቡዕ

አሰልጣኛችን ኢሜይል ላከ። ክሌር ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ጋር ትጣመራለች፤ ከትናንሽ ውድድሮች ይጀምራሉ። ለኦሎምፒኩ አይደርሱም። ደስ ይበላት ልል ፈለግኩ። ቀናሁ። እንደዚህ ያለሁ ሰው ነኝ።

ከሰዓት በኋላ ከክሌር መልእክት ገባ። ሰላምታ የለውም። «ኦፕሬሽኑ ነገ ስንት ሰዓት ነው?» ብቻ።

ረጅም ይቅርታ ጻፍኩ፤ አጠፋሁት። ደግሜ ጻፍኩ፣ አጠፋሁት። በመጨረሻ ሰዓቱን ብቻ ላክኩላት።

አይታዋለች። እስካሁን አልመለሰችም። የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌ ትራሱ አጠገብ አስቀመጥኩት።