ተሳስቻለሁ ያሉት ዋጋ ቆራጭ፦ የወይዘሮ ላቨርን ስቲግል የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ላቨርን ኦድራ ስቲግል ከአባታቸው ከአቶ ኤሜት ድሬይ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኦፓል ዊክስ፣ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 9 ቀን 1941 በኦክላሆማ፣ ዌልተን ክሪክ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ሰዓትና ጠመንጃ ጠጋኝ፣ እናታቸው የቤተ ክርስቲያናችን ፒያኖ መቺ ነበሩ። ከአባታቸው ዓይን፣ ከእናታቸው ደግሞ ያለቦታው የገባ ድምፅ ሲሰሙ ዝም ብሎ አለማለፍን ወርሰዋል።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚሁ ከተማ ተከታትለው በ1959 አጠናቀቁ። ሁለት ዓመት ኮሌጅ ከቆዩ በኋላ በአውራጃው ጽሕፈት ቤት የመሬት ይዞታ መዝጋቢ ሆነው ተቀጠሩ፤ ጡረታ እስከወጡበት እስከ 1996 ድረስም ሠላሳ አምስት ዓመት በቅንነት አገልግለዋል። በአንዲት የቁጥር ስህተት የሰው የስንዴ ማሳ ወደ ጎረቤት ሲሻገር በዓይናቸው ስላዩ፣ ቁጥር ሁለት ጊዜ ሳያነቡ አያምኑም ነበር።

በ1962 የእህል ጎተራ ኃላፊ ከነበሩት ከአቶ ፍሎይድ ስቲግል ጋር ጋብቻ ፈጸሙ። ገና ሲታጩ ቀለበታቸውን በማጉሊያ መነጽር አገላብጠው አይተው “ፍሎይድ፣ አስወድደው ሸጠውልሃል” ማለታቸው እውነት ነው። አቶ ፍሎይድ ይህንኑ ለሰው ሁሉ ሲያወሩ ኖሩ፤ ቀለበቱ ግን አልተመለሰም። ከዚህ ትዳርም ዳርላና ዌንደል የተባሉ ልጆችን አፍርተዋል።

ወይዘሮ ላቨርንን አገር ያወቃቸው ግን በመሬት መዝገብ አይደለም። በአውራጃው የትርኢት አዳራሽ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በፀደይና በመኸር፣ የጥንት የጦር መሣሪያ ገበያ ይቆማል። ከሠርጋቸው ዓመት ጀምሮ በዚያ ገበያ በስተቀኝ ጥግ አንዲት ጠረጴዛ ነበረቻቸው። በላይዋ ማጉሊያ፣ የጥጥ ጓንትና በእጃቸው የጻፏት ማስታወቂያ ትቀመጣለች፦ “ዋጋ በነፃ ይነገራል። ታሪክ አይገዛም።”

ማስታወቂያዋ ያለ ምክንያት አልተጻፈችም። በእኛ አውራጃ ከአያቱ አሮጌ ሽጉጥ የወረሰ ሰው ሁሉ፣ ሽጉጡ የአንድ ስመ ጥር ሽፍታ እንደነበረ እናቱ እየማለች ነግራዋለች። ወይዘሮ ላቨርን በአንድ ቅዳሜ አራት ሰዎች የአንድን ሽፍታ ሽጉጥ ይዘው ቢመጡባቸው፣ “ወንድሞቼ፣ ይህ ሰውዬ ይህን ሁሉ ታጥቆ ቢሆን ኖሮ ባንክ ሳይደርስ የፈረሱ ወገብ ይቆረጥ ነበር” ብለው አሰናብተዋቸዋል።

አሠራራቸው ይህ ነበር። መጀመሪያ ቡሎኖቹን ያያሉ፤ አፉ የተላጠ ቡሎን ሰው እጁን እንዳስገባ ይመሰክራልና። ቀጥሎ በብረቱ ላይ የታተሙትን ፊደላት በጥፍራቸው ይዳብሳሉ፤ የተሞረደ ብረት ፊደሉ ይደበዝዛል። ከዚያ በየክፍሉ የተመታው ቁጥር አንድ መሆኑን ያመሳክራሉ። ባለቤቱ የሚያወራውን አይሰሙም። ዋጋ የቆረጡለትንም ዕቃ ፈጽሞ አይገዙም፤ ዋጋ የሚቆርጥ ሰው ራሱ መግዛት ሲጀምር ዓይኑ ይታመማል ይሉ ነበር።

የፋብሪካው ቀለም ያለቀበት ሽጉጥ ከነጉስቁልናው ዋጋ አለው፤ በአዲስ ቀለም የተነከረ ግን ምንም ቢያምር ከግማሽ በላይ ዋጋው ይወድቃል። አቶ ዲዊ ክራም የተባሉ የጎማ ነጋዴ የአባታቸውን ሽጉጥ በብረት መፋቂያ እንደ ድስት አብለጭልጨው አምጥተው፣ “እትዬ ላቨርን፣ እንዳያፍሩብኝ ብዬ አጥቤ አመጣሁት” ሲሏቸው፣ “ስንት ሰዓት ፈተጉት?” አሉ። “ሦስት ሰዓት ያህል።” “እንግዲያው በሰዓት ስድስት መቶ ዶላር ፈትገው ደፍተዋል። እንዲህ ያለ ሀብታም በአውራጃችን መኖሩን አላውቅም ነበር።”

ቀጣዩን ታሪክ ቤተሰቡ ለቀብር አይሆንም ብሎ ሊዘለው ነበር። ሟች ግን ባለፈው ወር የዚህን ጽሑፍ ረቂቅ በሕመም አልጋቸው ላይ አንብበው፣ በኅዳጉ ላይ በእርሳስ “ወልውላችሁኛል” ብለው ጽፈው መለሱት። ስለዚህ እንዳለ ይነበባል።

በጥቅምት 1988 የስንዴ ገበሬው አቶ ሃርላን ታብስ በጠረጴዛቸው ፊት ቆሙ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ኢና ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸው፣ በመቃብራቸው ላይ ግን ቀባሪዎች ከሰኳት የቆርቆሮ ምልክት በቀር ምንም አልነበረም። አቶ ሃርላን የአያታቸውን ሽጉጥ ሸጠው ደህና ድንጋይ ሊያቆሙላቸው አስበዋል። ሽጉጧ በ1911 የተሠራች ስድስት ጎራሽ ኮልት ናት፤ ሰማያዊ ቀለሟ እንደ ቁራ ላባ ያበራል።

“አያቴ ከገዛት ጀምሮ የአሳማ ሞራ በሞላበት ቆርቆሮ ውስጥ ቀብሯት ነው የኖረው” አሉ አቶ ሃርላን። “አንድ ቀን እንኳ አልታጠቃትም። እባብ ይፈራ ነበር፣ ሽጉጥ ደግሞ ከእባብ ይበልጥ ይፈራ ነበር።”

“ታሪክ አልገዛም፣ አቶ ሃርላን። ማስታወቂያዋን ያንብቧት።”

“ታሪክ እኮ አይደለም፤ ሞራ ነው።”

ከኋላ ሠላሳ አንድ ሰው ተሰልፏል። ወይዘሮ ላቨርን በእጀታው ላይ ያለው ቡሎን በቢላ ጫፍ መላጡን አዩ፤ ሰባ ሰባት ዓመት የኖረ ብረት እንዲህ ሊያበራ አይችልም ብለውም ፈረዱ። በሃያ ስድስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ፊደሉን ሳይዳብሱ፣ “እንደገና ተቀብታለች። ዘጠኝ መቶ” አሉ። አቶ ሃርላን ባርኔጣቸውን አድርገው አመሰገኑ። እዚያው አዳራሽ ውስጥ ጌለን ፕሩዊት የተባለ የዊቺታ ከተማ ነጋዴ ሽጉጧን በተባለው ዋጋ ገዛት። በዘጠኝ መቶውም ለወይዘሮ ኢና አንዲት ጠፍጣፋ ድንጋይ ተገዛች፤ ስድስት ወር ሳይሞላት ሣር ስለዋጣት አቶ ሃርላን መቃብሩን የሚያገኙት በእግራቸው እየዳበሱ ነበር።

በተከታዩ ሚያዝያ ነጋዴው ጌለን ሽጉጧን ይዞ እየሳቀ መጣ። የተለጠፈባት ዋጋ አራት ሺህ ስምንት መቶ ዶላር ነው።

“እትዬ ላቨርን፣ እጅዎን ልሳም። እጀታዋን ብፈታው ምን ባገኝ ጥሩ ነው? ሞራ! እንደ ሻማ የደረቀ ሞራ!”

ወይዘሮ ላቨርን ማጉሊያቸውን አነሡ። ሽጉጥ እንደገና ሲቀባ ተፈታትቶ፣ ተሞርዶ፣ በመድኃኒት ተቀቅሎ ነው፤ ሞራ የሚባል አይተርፈውም። ይህ ሞራ ግን ከአያትየው ዘመን ጀምሮ እዚያው ነው፤ በሥሩ ያለው ሰማያዊ ቀለምም ከውጪው ጋር አንድ ነው። ቡሎኑን በቢላ የላጡት እኒያ እባብ የሚፈሩት አያት ነበሩ፤ ሞራውን ወደ ውስጥ ለማስገባት ሲታገሉ። ያኔ ፊደላቱን በጥፍራቸው ዳበሱ። እንደ ምላጭ ስለት ነበሩ።

“አይጨነቁ” አለ ጌለን ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “እኔና እርስዎ ብቻ ነን የምናውቀው። ስምዎ አይነሳም።”

“ስሜማ ቡሎን ሲያይ ፊደል ማየት ረስቷል” አሉና ተነሡ።

በአዳራሹ ውስጥ መብራቱን ሳያጠፋ መኪናውን ያቆመ ሰው የሚጠራበት ድምፅ ማጉያ ነበር። ሄደው ተቀበሉት። በዚያ ቀን የነበረ ሁሉ የሚያስታውሰው ቃላቸው ይህ ነው፦ “ላቨርን ስቲግል ነኝ። ባለፈው ጥቅምት የሃርላን ታብስን ሽጉጥ ተቀብታለች ብዬ ዘጠኝ መቶ ቆርጫለሁ። አልተቀባችም። ሰውየው እውነቱን ነገረኝ፣ እኔ ግን አልሰማሁትም። የእኔን ቃል ይዞ የሸጠ ሌላ ሰው ካለ መጥቶ ያሳየኝ፤ እስኪመሽ እዚሁ ነኝ።” አንድ ሰው ከኋላ፣ “እትዬ፣ የኔንማ በትክክል ነው የሰደቡት!” ብሎ ጮኸ፤ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

ጌለን ሽያጭ ሽያጭ ነው ብሎ ከለጠፈው ዋጋ አንድ ዶላር አልቀነሰም፤ በሕግም ትክክል ነበር። በዚህ ጊዜ ወይዘሮ ላቨርን ከቤተሰባቸው በቀር ማንም ያልጠበቀውን አደረጉ። ለአቶ ፍሎይድ አዲስ የጭነት መኪና የተጠራቀመውን ገንዘብ አውጥተው ሽጉጧን በሙሉ ዋጋዋ ገዙ። አቶ ፍሎይድ ሲነገራቸው፣ “በአሮጌው መኪና እንቀጥላለን ማለት ነዋ? ደግ፣ የማይዘጋ በሩንም ለምጄዋለሁ” አሉ። የዚያን ጊዜው ፓስተራችንም ነገሩን ሲሰሙ፣ ዋጋ ቆርጦ ራሱ የገዛ እስካሁን አንድ ብቻ ነው፣ እሱንም ሦስት ቀን መቃብር አስገብቶታል ብለው አስጠነቀቋቸው።

በማግስቱ ወይዘሮ ላቨርን ሽጉጧን ይዘው ወደ አቶ ሃርላን ቤት በረንዳ ወጡ። አቶ ሃርላን ግን እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ከተቱ።

“ምጽዋት አልቀበልም፣ ላቨርን። ወድጄ ነው የሸጥኳት።”

“ወደህ አይደለም፣ አምነኸኝ ነው። ያንን ነው የምመልሰው።”

“መኪናችሁስ?”

“መኪናው ይሄዳል። የኢና ድንጋይ ግን ሣር በልቶታል፤ ጠዋት ሄጄ አይቼዋለሁ።”

አቶ ሃርላን በሩን ከፍተው፣ “ግቢ እንግዲህ። የዶሮ ጥብስ አለ፤ ኢና እንደምትሠራው አይደለም፣ ዋጋ እንዳትቆርጪለት” አሏቸው።

በመኸሩ ገበያ አቶ ሃርላን ሽጉጧን ራሳቸው አቀረቡ። ከጎኗም የሞራውን ቆርቆሮ አስቀምጠው ታሪኩን ለጠየቀ ሁሉ ተረኩ። በአምስት ሺህ አንድ መቶ ዶላር ተሸጠች። ከዚያ ውስጥ ቀድሞ የተቀበሉትን ዘጠኝ መቶ ለስቲግል ቤት አምጥተው በግድ ሰጡ፤ በቀረውም ለወይዘሮ ኢና ከወገብ በላይ የሚቆም፣ የስንዴ ነዶ የተቀረጸበት ድንጋይ አቆሙ። ወይዘሮ ላቨርን ሲመረቅ ተገኝተው የፊደላቱን ጠርዝ በጥፍራቸው ዳብሰው፣ “ጥሩ እጅ ነው” ብለዋል።

ከዚያ ወዲያ ሦስት ነባር ደንበኞች ከጠረጴዛዋ ቀሩ፤ አንደኛው የጎማ ነጋዴው አቶ ዲዊ ክራም ነበሩ፣ “ምናልባት የኔም ያልተፈተገ ይሆናል” ብለው። በማስታወቂያዋ ላይም “ይሰማል ግን” የሚል ተጨመረ። ሰው ሁሉ የሽፍታውን ወሬ እስኪጨርስ ስለሚጠበቅ ሰልፉ እስከ መኪና ማቆሚያው ይደርስ ጀመር። ወይዘሮ ላቨርን እስከ 2014 ድረስ በዚያች ጠረጴዛ አገልግለዋል።

ባለቤታቸው አቶ ፍሎይድ በ2009 ከተለዩዋቸው በኋላ ወይዘሮ ላቨርን በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆዩ። በመጨረሻም በመኖሪያ ቤታቸው፣ በልጆቻቸው መካከል፣ የካቲት 14 ቀን 2017 በተወለዱ በሰባ አምስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ሐኪሙ ስንት ጊዜ እንደቀራቸው ሲነግራቸው፣ “ግምት ነው ወይስ አይተውታል?” ማለታቸውን ልጃቸው ዳርላ ታስታውሳለች።

ወይዘሮ ላቨርን የሁለት ልጆች እናት፣ የአምስት ልጆች አያት ነበሩ። ከልጆቻቸውና ከልጅ ልጆቻቸው ሌላ አንዲት እህትና አቶ ሃርላን ታብስ በሐዘን ቀርተዋል። አቶ ሃርላን የሥጋ ዘመድ አይደሉም፤ ሰማንያ ሰባት ዓመታቸው ነው፣ ቤተሰቡም ስማቸውን በምስጋናው ገጽ አስፍሮት ነበር። እሳቸው ግን ትናንት ማታ ራሳቸው መኪና እየነዱ መጥተው፣ “በአልቃሾቹ መሃል ካልጻፋችሁኝ ነገ ድምፅ ማጉያውን እቀማለሁ” ስላሉ በቦታቸው ገብተዋል።

እግዚአብሔር የእህታችንን ነፍስ ቃላቸውን ከጠበቁት ጋር ያኑርልን፤ ለቀረነውም በተሳሳትን ቀን ሰው ሁሉ በሚሰማበት ቦታ የምንቆምበትን ጉልበት ይስጠን። አሜን።