ያልታጠበው ጣቴና ያንተ መስታወት

ሰይዴ፣ የኔ አካል፤

ከተለየኸኝ ወዲህ አንድ ረመዳን መጥቶ አለፈ። በየኢፍጣሩ ዓይኔ ወንበርህን ይፈልግ ነበር። ቤታችን እንደተውከው ነው፤ ምድጃው ብቻ ተቀይሯል። ልጃችን ሂክማ ማዞሪያ የሌለው፣ ላዩ መስታወት የሆነ፣ በጣት ሲነኩት የሚሠራ አምጥታልኛለች። እጄ ከረጠበ ጢጥ ጢጥ ብሎ ይጠፋብኛል። የሠራውን ሰው ስረግም ከረምኩ።

ባለፈው እሁድ ዳንደኖንግ ሰፈር አብረሃቸው ትሠራ የነበሩት ፈረንጅ ሽማግሌ ዘግይተው ሰምተው ለቅሶ ሊደርሱን መጡ። ምድጃው ሲጮህብኝ አይተው ሳቁ። በጣት የሚነካ ስክሪን ገና ብርቅ በነበረ ጊዜ ለፋብሪካ ማሽኖች ስትሠሩ፣ እርጥብና ቅባት የነካው ጣት ሁላችሁንም አስቸግሯችሁ እንደነበር ሂክማ እየተረጎመችልኝ ሰማሁ። እርጥብ ጣት ሲነካው ጮኾ እንዲጠፋ መላውን ያገኘው ኢንጂነር ሰይድ ነው አሉ፤ የሚሞክረውም በሚስቱ ጣት ነበር ብለው እጄን አዩት። ለካ አንተም አለህበት!

እኔ ደግሞ ምን ስል ኖሬ! ከአገራችን ወጥተን እዚህ ማሪቢርኖንግ ሰፈር በገባን ሰሞን፣ እራት በልተን ልታጠብ ስነሳ እጄን ይዘህ ታስቀረኝ ነበር። ሽቦ የተንጠለጠለበት መስታወት ከቦርሳህ ታወጣና ወጥ የነካቸውን ጣቶቼን በየተራ ታስነካኛለህ። ጨዋታ መስሎኝ እስቃለሁ። አንዳንዴም ጣቴን ትስመው ነበር። ዘመድ በሌለበት አገር፣ ወጥ የነካው ጣት የሚስም ባል ማን አላት እያልኩ በልቤ እኮራ ነበር።

አሁን ግራ ገባኝ። ፍቅር ነበር ወይስ ሥራ? ሂክማ ሁለቱም ሊሆን ይችላል ትለኛለች፤ ለእሷ ቀላል ነው። ሥራ ከሆነ ምነው አልነገርከኝ? እናደድብሃለሁ፤ ንዴቴ ሳይበርድ ደግሞ ትናፍቀኛለህ።

አንድ ነገር ግን ከልቤ አልወጣም። ሽማግሌው ያ ሙከራ በአንድ ክረምት አለቀ ብለዋል። አንተ መስታወቱን ይዘህ መምጣት የተውከው ግን ሂክማ ተወልዳ፣ ድክ ድክ እያለች መጥታ ልትነጥቀን ስትጀምር ነው። ሥራው ካለቀ፣ ያ ሁሉ ዓመት ምን ትሞክር ነበር?

የምትመልስልኝ ቢሆን ኖሮ! አላህ ይዘንልህ። እኔ እስካለሁ አልረሳህም። እራቴን በልቼ፣ ሳልታጠብ፣ ምድጃውን በጣቴ እነካዋለሁ። ይጩህ።

ያንተዋ ዘሀራ