ገለል በሉ

...እና አልጋ ሥር ስንገባ ክርንህ ሁልጊዜ ጎኔን ይወጋኝ ነበር። አባዬ ከድንጋይ ካባው አፋፍ ሆኖ «ገለል በሉ! ሊፈነዳ ነው!» ሲል፣ ድማሚቱ እስኪጮኽ ድረስ ጆሮዬን የምትይዝልኝ አንተ ነበርክ። የአንተንስ ማን ይይዝልህ ነበር? ጠይቄህ አላውቅም።

ውድ ወንድሜ፣ ሰላምታ ሳላስቀድም ወሬ ጀመርኩ፤ እጄ አላርፍ ብሎኝ ነው።

ካባው የአትክልት ቦታ መሆኑን ነግሬሃለሁ። ድንጋይ በተፈለጠበት ጉድጓድ ውስጥ ጽጌረዳ አጠጣለሁ፤ እንጀራዬ ከዚያ ነው። አባዬም ጠዋት ጠዋት ተከትሎኝ ይመጣና አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ገደሉን ያያል። ዝም ብሎ። ዝምታውን ለምጄው ነበር።

ትናንት ሙሽሮች ፎቶ ሊነሱ መጡ። ገደሉ ሥር እንደተደረደሩ አባዬ ብድግ አለና፣ በዚያው በድሮ ድምፁ፣ «ገለል በሉ! ሊፈነዳ ነው!»

አጃቢው ሁሉ እግሬ አውጪኝ አለ። ሙሽራዋ ቀሚሷን ረግጣ ወደቀች፤ ክንዷ ተሰበረ።

ኃላፊያችን አስጠራችኝ። «አባትሽን አከብራቸዋለሁ። ግን ከእንግዲህ እሳቸው በዚህ በር ከገቡ፣ አንቺ ትወጫለሽ።»

«አርጅቶ ነው፣ ይቅርታ» አልኳት።

ያላልኳትን ለአንተ ልንገርህ። ሰዎቹ የሮጡት እሱን ሰምተው አይደለም። በእሱማ ስቀውበታል፤ ሚዜው «አባባ፣ ርችቱ ማታ ነው!» ብሎ ቀልዷል። የሮጡት እኔን አይተው ነው። የግቢውን ቱታ እንደለበስኩ፣ የውሃ ጎማውን ጥዬ፣ ጆሮዬን ይዤ ችግኙ መሃል በግንባሬ ተደፋሁ። ሠራተኛዋ ራሷ ከተደፋች እውነት ነው ማለት ነው።

በምትኖርበት አገር መንገድ ላይ የመኪና ጎማ ሲፈነዳ፣ አንተስ ምን ትሆናለህ?

ስመለስ ጓጉንቸር ገዛሁ። ከውጭ የሚቆለፍ። በአባቴ ላይ! እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አልዞረም። አንተ ብትሆን ትቆልፍበት ነበር?

ይኸው ነግቶ፣ አባዬ ጫማውን አጥልቆ ፊቴ ቆሟል።

«ነይ እንጂ፣ ረፈደ።»

«ዛሬ አንተ ቤት ትውላለህ፣ አባዬ።»

«እኔ ከዋልኩ ማን ይነግራቸዋል?»

«ምኑን?»

ሞኝ ያናገረው ይመስል ሳቀብኝ።

ልነሳ። ተነስቼ የማደርገውን አላውቅም። ደህና ሁን፤ ደብዳቤዬ ስትደርስህ ቶሎ መልስልኝ።

እህትህ

ፈርሜ ቀና ሳልል በሩ ድው ብሎ ተዘጋ፤ አባዬ ወጥቷል።